ለትንንሽ ልጆች አስቂኝ የእንስሳት የሥዕል መጽሐፍ፦ ሳቁ የት ይቀመጥ?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ድብብቆሽ ስለሚወድ ጉማሬ ታሪክ ጽፈዋል፤ 1,100 ቃል ያህል ሆኗል፤ ሠዓሊም አግኝተዋል። ጮክ ብለው ሲያነቡት ግን አዋቂዎቹ ፈገግ ይላሉ፣ ልጆቹ ዝም። ስንት ገጽ ይሁን? ጽሑፉና ሥዕሉ እንዴት ይከፋፈሉ? ሳቁስ የት ሄደ?

ከሳቁ ልጀምር፤ የገጹ ቁጥርም የሥዕሉ አቀማመጥም የሚወሰነው እሱን ተከትሎ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ሳቅ የሚወለደው ጽሑፉ በሚለውና ሥዕሉ በሚያሳየው መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ የሚፈነዳው ደግሞ ገጹ ሲገለጥ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ልጁ የሚያገኘው ነገር አይኖረውም። የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1886 የኖረው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ራንዶልፍ ካልዴኮት፣ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰው በዚሁ ነው፤ ቃሉ ዝም ባለበት ሥዕሉ ይናገራል፣ ሥዕሉ በተወው ቦታ ቃሉ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ከ1938 ጀምሮ ለሥዕል መጽሐፍ ሠዓሊዎች የሚሰጠው ሜዳሊያ በስሙ የተሰየመውም ለዚህ ሥራው ክብር ነው።

በእርስዎ ታሪክ ልየው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «ጉማሬው ከቀጭኑ ዛፍ ጀርባ ለመደበቅ ሞከረ፤ ነገር ግን በጣም ትልቅ ስለነበረ ሆዱ በአንድ በኩል፣ ጀርባው በሌላ በኩል ይታይ ነበር። እንቁራሪቷም ወዲያው አየችውና ሳቀች።» ይህን የሰማ ልጅ ምን ቀረለት? ሆዱ እንደሚታይ ተነገረው፣ ምክንያቱ ተነገረው፣ የሚሳቅበትን ቦታ እንኳን እንቁራሪቷ ቀድማ ሳቀችበት። አሁን ይህን ይሞክሩ፦

«ጉማሬ ተደበቀ።
በደንብ ተደበቀ።
ማንም አያየውም።»

በቃ፣ ስድስት ቃል። ሥዕሉ ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ ዛፍ አለ፤ ከኋላው ግዙፍ ጉማሬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። የ4 ዓመት ልጅ እዚህ ላይ ዝም አይልም፤ «ይታያል! ይኸው!» ብሎ በጣቱ ይመታዋል። ጉማሬው የማያውቀውን እሱ አውቋል። ለዚህ ዕድሜ ከዚህ የጣፈጠ ቀልድ የለም። ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ ያንብቡትና ሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሁሉ ይሰርዙ፦ ቀለም፣ መጠን፣ አለባበስ፣ የፊት ሁኔታ፣ «በጣም አዘነ»፣ «በጣም ደነገጠ»። እንዲቀር የሚገባው ንግግሩ፣ ድምፁ፣ ጊዜውና ሥዕል ሊያሳየው የማይችለው ሐሳብ ነው።

አዋቂዎቹ ፈገግ ያሉት ምናልባት በቃላት ጨዋታው ይሆናል። የልጆችን ቀልድ ያጠናው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ማክጊ የገለጸው የእድገት ቅደም ተከተል በሥራ ላይም በግልጽ ይታያል። ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ሕፃን ጫማ ራስ ላይ ሲደረግ ይስቃል። ትንሽ ከፍ ሲል ድመትን «ውሻ» ብሎ መጥራት ያስቀዋል። ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚያስቀው ያለቦታው የተቀመጠ ነገር ነው፣ ብስክሌት የምትነዳ ላም ዓይነት። ባለ ሁለት ትርጉም ቃል የሚገባው ወደ 7 ዓመት ሲጠጋ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ቀልድ ለ4 ዓመት ልጅ ሰሙም ወርቁም አይደርሰውም። ደግሞም ልጅ የሚስቀው ደንቡን ካወቀ በኋላ ነው፤ ደንቡ ያልታየበት ጥሰት ግራ ያጋባዋል እንጂ አያስቀውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንድ ገጽ (መጽሐፉ ሲከፈት ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ገጾች) ትክክለኛውን ድብብቆሽ ያሳይ፦ እንቁራሪቷ ስትቆጥር፣ ጥንቸል ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ኤሊ ድንጋይ አጠገብ በደንብ ተደብቀው። ጉማሬው ከዚያ በኋላ ይግባ።

አሁን ወደ ገጹ። 32 ገጽ ያድርጉት። ልማድ ብቻ አይደለም፤ በትልቅ ወረቀት በአንዱ ፊት 8፣ በሌላው ፊት 8 ገጽ ይታተማል፤ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፣ ሁለት ወረቀት 32። 24ም 40ም ይሠራሉ፤ 34 ግን ለሁለት ገጽ ብላችሁ ሌላ ወረቀት የምታባክኑበት ቁጥር ነው። ገጽ 1 ርዕስ ይሆናል፣ ገጽ 2 የአሳታሚና የመብት መረጃ፣ ገጽ 3 ብቻውን የቆመ የታሪኩ መግቢያ። ከ4–5 እስከ 30–31 ድረስ 14 ጥንድ ገጾች አሉዎት። ገጽ 32 ደግሞ ብቻውን በግራ የሚቀር ገጽ ነው፤ ይህን ገጽ አያባክኑት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ገጽ ሲገለጥ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። በእኛ ጽሕፈት ቀኙ ገጽ የመጠበቂያ ቦታ ነው፣ ከተገለጠ በኋላ የሚታየው ግራው ደግሞ የመገረሚያ ቦታ። ከሁሉ በላይ በብዛት የማየው ስህተት ዝግጅቱን በግራ ገጽ፣ ፍንዳታውን ፊት ለፊቱ በቀኝ ገጽ ማድረግ ነው። አንባቢው የግራውን ገና እያነበበ የልጁ ዓይን ቀኙን ጨርሶታል፤ ልጅ ጽሑፍ አይጠብቅም፣ መጀመሪያ ሥዕል ነው የሚያየው። ሳቁ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ይሞታል፣ ጸሐፊውም ቀልዱ ደካማ የሆነ ይመስለዋል። አንዳንዴ አንድም ቃል ሳይለወጥ ፍንዳታውን ወደሚቀጥለው ጥንድ ገጽ መግፋት ብቻ ይበቃል።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ስጦታ ይሰጠናል፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩን ከግሡ በፊት ቆርጠው ገጹን ማስገለጥ ይችላሉ፦

«ጉማሬ ቀስ ብሎ… ቀስ ብሎ… ጭቃው ላይ…»

ገጹ ይገለጣል፤ ሁለቱን ገጽ የሞላ ጭቃ፣ መሀሉ ላይ አንድ ቃል፦

«ዘጭ!»

ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይህን ያጡታል፤ ግሡ ቀድሞ የተነገረበትን ገጽ እንዳለ ይዘው ይመጣሉ። በአማርኛ ሲጽፉ ግን ይህ በነጻ የተገኘ ነው፣ ይጠቀሙበት።

ሁለተኛው ስጦታ «አለ»ን የሚያስከትሉት ግሦች ናቸው። «ተቀመጠ» የሚለው ቃል ክብደት የለውም። ጉማሬ ግን ዘፍ ይላል፣ እንቁራሪት ዱብ ትላለች፣ ወፍ ጉብ ትላለች። ልጁ ቃሉን ሲሰማ አካሉን ያየዋል። ቀልዱም እዚያው ውስጥ አለ፦ «ጉማሬ ቅርንጫፍ ላይ ጉብ አለ» ብለው ይጻፉ። «ጉብ» የወፍ መሆኑን የ4 ዓመት ልጅ በጆሮው ያውቀዋል፣ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ላይ ቅርንጫፉ እንደ ቀስት ጎብጧል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ለድብብቆሽማ ብቅ፣ እልም፣ ውልብ፣ ሽጉጥ፣ ልጥፍ፣ ፍንክች አላለም የሚሉት ሁሉ አሉ። በአንድ ገጽ ግን ከአንድ በላይ አይጠቀሙ፤ ሲደራረቡ ጆሮ ይሰለቻቸዋል።

የቃሉን ብዛት በተመለከተ፣ 1,100 ለዚህ ዕድሜ በጣም ረጅም ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጻፉት ከ500 አይለፍ ይባላል፤ ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ግን ልክ አይሆንም። በአማርኛ «አላየሁሽም» አንድ ቃል ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ለእኛ ከ250 እስከ 350 ቃል ይበቃል። በ14ቱ ጥንድ ገጾች እኩል አያካፍሉት። አንዱ 45 ቃል ይያዝ፣ አንዱ አንድ ቃል፣ አንዱ ምንም። እኩል የተከፋፈለ ጽሑፍ ሲነበብ እንደ ሰዓት ይመታል፣ ልጅ ደግሞ የሚነቃው ምቱ ሲቀየር ነው።

አወቃቀሩ በሦስት ይሂድ። ጉማሬው ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሸነፍ፣ በሦስተኛው ይለወጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ልጁ ልማዱን አይይዝም፤ አምስት ጊዜ ከሆነ ይሰለቻል። ተደጋጋሚው ሐረግ («ማንም አያየውም») በሁለቱም ጊዜ ፊደል ሳይቀየር ይመለስ፣ በሁለተኛው ልጆቹ ራሳቸው አብረው እንዲሉት። «ማንም አያየውም» በአንዱ ገጽ፣ «ማንም አላየውም» በሌላው ከሆነ ልጁ አብሮ ሊል አፉን ከፍቶ ይሳሳታል፣ ከዚያ በኋላ አይሞክርም።

ለሦስተኛው ለውጥ መፍትሔው እውነተኛው እንስሳ ዘንድ አለ። ጉማሬ ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው በጭንቅላቱ አናት በኩል ስለሆኑ ሌላው አካሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ እያየ፣ እየሰማ፣ እየተነፈሰ መቆየት ይችላል። ሲጠልቅ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃም ሳይተነፍስ ይቆያል፤ ወንዙ ውስጥም ብዙ ጊዜ ከመዋኘት ይልቅ ወለሉን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ማለትም ከዛፍ ጀርባ መሳቂያ የሆነው ያ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን አካል ውኃ ውስጥ እውነትም እልም ይላል። ጥሩ የእንስሳት ቀልድ እንዲህ ከእንስሳው አካል ይወጣል። ቀጭኔ ውኃ ለመጠጣት የፊት እግሮቿን መፈርከክ አለባት፤ እስስት ሁለቱን ዓይኖቿን ለየብቻ ታዞራለች፤ ፍላሚንጎ የምትበላው ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ነው። ልብስ አልብሰው እንደ ሰው ብቻ የሚያራምዱት እንስሳ ግን ጅራት ያለው ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ጉማሬውን በድመት ቢቀይሩት ታሪኩ ሳይነካ የሚሄድ ከሆነ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

አንድ የምለምንዎ ነገር፣ ሳቁ በጉማሬው ውፍረት ላይ አይሁን። ከእንስሳቱ መካከል «ወፍራም» ብሎ የሚሰድበው አይኑር። የሚያስቀው ተደብቄያለሁ ብሎ ሙሉ በሙሉ ማመኑ ነው፤ ልጁ ራሱ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ የማይታይ የሚመስለው ዕድሜ ላይ ነበር ወይም ገና አለ፣ ስለዚህ እየሳቀበት ይወደዋል። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ልጆች፣ ራሳችንን መቀበል አለብን» የሚለውንም ያውጡት፤ ልጅ ትምህርት ሲመጣበት ከሩቅ ያውቃል።

ሠዓሊዎ ጋር ሥዕል ከመቀጠልዎ በፊት ደሚ፣ ማለትም የመጽሐፉን የሙከራ ቅጂ፣ ይሥሩ። 8 ነጠላ ኤ4 ወረቀት ደርበው ከመሀል ያጥፉ፣ 32 ገጽ ያለው ደብተር ይሆናል። ገጾቹን ይቁጠሩ፣ ጽሑፉን እየቆራረጡ በሚነሳ ማጣበቂያ ይለጥፉ፣ ሥዕሉን በእርሳስ በክብና በመስመር ብቻ ይንደፉ። ከዚያ መጽሐፉን አይተውት ለማያውቁ ሰው ይስጡና ለአምስት ስድስት ልጆች ያንብቡላቸው፤ እርስዎ ዳር ይቀመጡ። እርስዎ ራስዎ ካነበቡት በድምፅዎ ያድኑታል፣ ጉድለቱ አይታይም። በእርስዎ ቅጂ ላይ ሦስት ምልክት ብቻ ያድርጉ፦ ልጆቹ የሳቁበት፣ ዓይናቸው ከገጹ የወጣበት፣ አንባቢው የተደናቀፈበት።

አንባቢው የሚደናቀፍባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ የመጥበቅና የመላላት ጣጣ ናቸው፤ ፊደላችን አያሳያቸውምና። «ዓሣው ይበላል» ሲላላ በላተኛ ነው፣ «በ»ም «ላ»ም ሲጠብቁ ተበዪ። ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ልዩነት ቀላል አይደለም። በድብብቆሽ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው «አለ» ነው፦ «ጉማሬ አለ» ተናገረ ነው ወይስ እዚያ ነው? አንባቢው ድምፁን አውጥቶ ሲጨርስ ነው የሚገባው፣ ያኔ ዘግይቷል። «እዚህ ነው!» ብለው ይቀይሩት። አጻጻፉንም ይወስኑ፤ ዓሣ ካሉ እስከ መጨረሻው ዓሣ፣ በገጽ 20 አሳ እንዳይሆን።

ለሠዓሊው የሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራ የገጸ ባሕርያት ሰሌዳ ነው፦ ጉማሬው ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ሲቀመጥ፣ ከዚያ ስድስት የፊት ሁኔታ። አጠገቡ ሌሎቹ እንስሳት በቁመት ቅደም ተከተል ይቁሙ። በእውነተኛው ልክ እንቁራሪቷ ከጉማሬው አጠገብ ነጥብ ነች፣ ስለዚህ ማሳደግ ግድ ነው፤ ግን ልኩ አንዴ ይወሰን፣ ለምሳሌ እንቁራሪቷ የጉማሬውን ጆሮ ታክላለች ተብሎ። ይህ ካልተጻፈ በገጽ 8 ጆሮውን የምታክለው በገጽ 22 ጭንቅላቱን ታክላለች፤ ልጆች ደግሞ ይህን ከማንም በፊት ያያሉ። ልብስ ካለ ማን እንደሚለብስ፣ በሁለት እግር ማን እንደሚቆምም እዚያው ይጻፍ።

ፊት ላይ ብዙ አይሥሩ። አስቂኙ ጉማሬ አፉን ከፍቶ የሚስቅ ጉማሬ አይደለም፤ ኮስተር ብሎ ከቀጭን ዛፍ ጀርባ የቆመው ነው። ሁሉም እንስሳ በየገጹ ጥርሱን ካሳየ ማን የተለየ ነገር እንዳደረገ አይታወቅም። የዓይኑ ብሌን የት እንደሚያይ ብቻ መቀየር ብዙ ይናገራል፦ ቀጥታ ወደ አንባቢው ካየ ምስጢር እያካፈለ ነው፣ ወደ ቀኝ ጥግ ካየ ቀጣዩን ገጽ ግለጥ እያለ ነው። እንቅስቃሴም ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ ወደ ግራ የሚሮጥ እንስሳ የሚመለስ ወይም የታገደ ይመስላል፣ ያን ሲፈልጉ ብቻ ይጠቀሙበት።

ስለ ሕትመቱ አጠር ላድርገው። ሥዕሉ በሚታተምበት ልክ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ በየዳሩ 3 ሚሊሜትር ለመቆረጫ ይትረፍ፤ ጽሑፍና ፊት ከጠርዝ ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ገባ ይበሉ። ከመሀል እጥፋቱ ከዚያም በላይ ይራቁ፤ ግዙፍ ጉማሬ በሁለት ገጽ ሲዘረጋ ዓይኑ እጥፋቱ ላይ ከወደቀ ስፌቱ ይውጠዋል። ጽሑፉ በሥዕሉ ላይ አይሣል፤ በኮምፒውተር ፋይሉ ውስጥ ለብቻው ሌየር (ከሥዕሉ የተለየ ንብብር) ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ ይቀመጥ። በአራት ቀለም የተሠራ ጥቁር ፊደል ወረቀቱ በጥቂቱ ሲንሸራተት ጥላ ያወጣል። ፊደሉ ከ18 እስከ 22 ነጥብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም ወፍራም አይምረጡ፣ የሰ እና የሸ፣ የተ እና የቸ ልዩነት ላይኛዋ ጭረት ብቻ ስለሆነች ትደፈናለች። በኮምፒውተር የተዘነበለ ፊደልም ይቅር፤ «ዘጭ!» እንዲጎላ ከፈለጉ መጠኑን ያሳድጉት።

ጉማሬ መሆኑ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ግራጫ ቀለም ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ ተደባልቆ ሲታተም በአንዱ ወረቀት ወደ አረንጓዴ፣ በሌላው ወደ ሮዝ ይሄዳል። በስክሪን ላይ ባዩት አይመኑ፤ ግራጫው በዋናነት ከጥቁር ቀለም እንዲሠራ ይጠይቁና ሁለት ጥንድ ገጽ የወረቀት ናሙና አይተው ያጽድቁ። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ማድረግ ካሰቡ ግን መጽሐፉ ሌላ ነው፦ በወፍራም ካርቶን፣ ጠርዙ የተጠጋጋ፣ ጽሑፉ በየገጹ ከአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር የማያልፍ።

ገጽ 32ን በተመለከተ፣ ታሪኩ በ30–31 ይለቅ። መሽቷል፣ ሁሉም ተገኝቷል፣ ጉማሬው ብቻ ውኃው ውስጥ እልም እንዳለ ነው፣ እንቁራሪቷም ፍለጋው ደክሟታል። ከዚያ ገጹ ሲገለጥ አንዲት ትንሽ ሥዕል፦ ጨረቃ፣ ጸጥ ያለ ውኃ፣ እንቁራሪቷ ሁለት ጆሮ ባለው «ድንጋይ» ላይ ጉብ ብላለች። ጽሑፉ የእሷ ድምፅ ብቻ ይሁን፦ «ጉማሬ! የት ነህ?»